የአባ እህም አስተርጓሚ

አጎቴ ልብስ ሰፊ ነው። የሰፈሩ ሰው ግን ስሙን ትቶ «አባ እህም» ይለዋል። ሥራ ላይ ሲሆን በከንፈሮቹ መካከል ስፒል ደርድሮ ስለሚይዝ አፉን መክፈት አይችልም፤ ምንም ይጠየቅ ምን መልሱ «እህም» ነው። አጭር እህም አለ፣ ረጅም እህም አለ፣ በአፍንጫ የሚወጣም አለ። ሁሉንም የምትፈታው ሚስቱ ናት። ካውያዋን ይዛ ከጎኑ ቆማ ለደንበኛው ትተረጉማለች፤ ትተረጉማለች ስል ታጣፍጣለች ማለቴ ነው እንጂ፣ እሱ ያለውን እንዳለ ብትናገር ኖሮ ደንበኛ የሚባል ነገር ባልተረፋቸው።

እኔ ቪዲዮ ቀራጭ ነኝ። ሠርግ ስቀርጽ ኖሬ፣ እንግዳው ሁሉ ስልኩን እያወጣ ሲቀድመኝ ጊዜ ለሱቅና ለድርጅት ማስታወቂያ እየሠራሁ ኢንተርኔት ላይ መልቀቅ ያዝኩ። አንድ ቀን የአጎቴ ሚስት፣ እትዬ ነው የምላት፣ ደወለችልኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ለሰው ሁሉ ትሠሪያለሽ፤ እኛ ምን በደልንሽ?»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። ከፊት ለፊታቸው የተዘጋጀ ልብስ የሚሸጥ ሱቅ ከተከፈተ ወዲህ ስፌት ቤቱ ጭር ብሏል። የኪራይ ውላቸውም ሊያልቅ ነው። ልጃቸው «ሱቁን ዝጉና እኔ ጋ ኑ» እያለ ይወተውታል፤ አጎቴ እሺም እምቢም አላለም። ለእትዬ ግን በምራቷ ቤት እንግዳ ሆኖ ማርጀት ሞቷ ነው። «እዚያ ሄጄ ምን ልሠራ? ካውያዬንስ የት ላስቀምጠው?» ስትል ድምጿ ተሰበረ። አንጀቴን በላችው።

መብራቴን፣ ማይኬንና የካሜራ መቆሚያዬን ተሸክሜ ሄድኩ። አጎቴን ስፒሉን አስተፍቼ፣ ያማረ ኮት አስለብሼ፣ የጻፍኩለትን ንግግር አስጠናሁት። ካሜራው ሲበራ ሰውዬው ደረቀ። «ውድ ደንበኞቻችን» ሲል መርዶ የሚያረዳ ነው የሚመስለው።

«ማን ሞተ?» አለች እትዬ ከካሜራው ጀርባ።

ደግመን ሞከርን፤ ባሰበት። ላቡ ኮሌታውን አራሰው። በመጨረሻ ኮቱን ወርውሮ፣ ስፒሉን አፉ ላይ ደርድሮ ወደ ሥራው ተመለሰ። እኔም ተናድጄ ካሜራውን ሳላጠፋ ቁጭ አልኩ።

ይሄኔ ሆዱ ቀድሞት የሚገባ አንድ የታክሲ ሹፌር የጠበበውን ሱሪ ሊያሰፋ መጣ። ልቅረጽህ ስለው ደስ አለው። አጎቴ ሱሪውን አየ፣ ሆዱን አየ፣ ከዚያ በአፍንጫው «እህም!» አለ። ይህቺንማ እኔም አውቃታለሁ፤ ሱሪውን ተወውና መብላቱን ቀንስ ማለት ናት።

እትዬ ዓይኗን እንኳ አላሸችም። «ጨርቁ ሲታጠብ ሰብሰብ ብሏል ነው የሚልህ።»

«እኔስ ምን አልኩ!» አለ ሹፌሩ። «ሚስቴ ናት እንጂ በሆዴ የምታሳብበው!»

ሳቄን በነጠላ ጫፍ አፍኜ ማይኩን አስጠጋሁ፤ መብራቱን ወደ አጎቴ እጆች አዞርኩ። ጠመኔው መስመር ሲያወጣ፣ ስፒሉ ጨርቁን ሲወጋ፣ እትዬ ስትዋሽ፣ አንዱም አላመለጠኝም። ሹፌሩ ሲወጣ በዚያው ሙቀት አጎቴን ጠየቅኩት።

«ጋሼ፣ ለምን ሱቁን ዘግተህ ልጅህ ጋ አታርፍም?»

ቀና አለ። ሚስቱን አፍጥጦ አያትና ሰምቼው የማላውቅ ረጅም፣ የሚንቀጠቀጥ እህም አወጣ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። የእትዬ ካውያ አየር ላይ ቀረ።

«ምን አለ?» አልኳት።

ፊቷን አዞረች። «ይሄስ የራሴ ነው።»

ቪዲዮውን እዚያው ላይ ቆርጬ ኢንተርኔት ላይ ለቀቅኩት። ሰዉ ተቀባበለው፤ ከስሩ የተጻፈው አስተያየት ሁሉ አንድ ጥያቄ ነበር፦ ሰውዬው ምን አሉ? ጥያቄውን ይዘው ሱቁ ድረስ የሚመጡም በዙ። እትዬ ደግሞ «ልብስ ላላዘዘ አንናገርም» ብላ አረፈች። ላዘዘውም ቢሆን ለሙሽራዋ ሌላ፣ ለጡረተኛው ሌላ ትናገራለች። ሰዎቹ ተገናኝተው ይከራከራሉ፣ ሊያጣሩ ይመለሳሉ፣ ከተመለሱ አይቀር ሱሪ ያሳጥራሉ። የኪራይ ውሉ ታደሰ። ልጃቸው ሲደውል «ሥራ ላይ ነን» ተብሎ ጆሮው ላይ ይዘጋበታል።

እኔን ግን ነገሩ አላስቀመጠኝም። እትዬ ክር ልትገዛ የወጣች ጊዜ፣ አጎቴ ምሳውን በልቶ ስፒሉን ሳያነሳ ያዝኩት።

«ጋሼ፣ ያን ዕለት ምን ነበር ያልከው?»

በሩን ገልመጥ አደረገ። «ምንም። አንዱ ስፒል ወደ ጉሮሮዬ እየሄደ ነበር። ድረሱልኝ ነው ያልኩት፤ ሁለታችሁም ተገትራችሁ ታዩኛላችሁ!»

ሳቅ ገደለኝ። ወዲያው ደግሞ ደነገጥኩ። «እትዬ እኮ ሌላ ነገር ነው የሰማችው!»

«መቼ ጠፋኝ? ከዚያ ወዲህ እያንጎራጎረች ነው የምትተኩሰው።»

«ምን እንደሰማች ነገረችህ?»

«አልጠየቅኳትም» አለና የመጀመሪያውን ስፒል ወደ ከንፈሩ አስጠጋ። «ምንም ይሁን፣ ብያለሁ።»