ለፀሐይ ሰገደች የተባልኩ ሰሞን

እናቴን በቀን ስድስት ጊዜ አነሳታለሁ። ጠዋት ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ መጸዳጃ፣ ከዚያ ተመልሶ ወደ ወንበር፤ ከሥራ ስመለስም ያው እንደገና። ድሮም ቀጭን ሴት ናት፤ ስትሮክ ከመታት በኋላ ደግሞ የባሰ ቀጥናለች። ግን ግማሽ ጎኑ የማይታዘዝ ሰው ክብደቱ ሌላ ነው፤ ያላነሳው አያውቀውም። ስለዚህ ዮጋን የውስጥ ሰላም ፍለጋ ጀመርኩት ብዬ አልዋሽም። ያስጀመረኝ ወገቤ ነው።

የምንኖረው ጉለሌ፣ ከአዲሱ ገበያ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነው። እኔ ወደ ዊንጌት በሚወስደው መንገድ ባለ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። አንድ ቀን ጥቁር ሰሌዳው ሥር የወደቀ ጠመኔ ላነሳ ጎንበስ እንዳልኩ መቃናት አቃተኝ። ተማሪዎቹ የምቀልድ መስሏቸው ሳቁ። በእረፍት ሰዓት አብራኝ የምታስተምር ጓደኛዬ፣ "ቅዳሜ ቅዳሜ የምሄድበት ጂም አለ፣ ዮጋ ያሠራሉ፣ ነይ" አለችኝ። ሄድኩ።

ጂሙ ሥሩ ጎሚስታ ያለበት ፎቅ ላይ ነው። አስተማሪዋ የተማሪዎቼ እኩያ የምትመስል ቀጭን ልጅ ናት። "ንጹሕ አየር ወደ ውስጥ አስገቡ" ስትለን፣ ከታች የተቃጠለ ጎማ ሽታ እየሳብን እናስገባለን። "አሁን የተሸከማችሁትን ሁሉ አውርዱ" ትላለች ደግሞ፤ እኔ በልቤ እሱን ካወረድኩት ማን ሊያነሳው ነው እላለሁ። ቢሆንም ወገቤ ለቀቀኝ። በሦስተኛው ቅዳሜ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ማሰር ቻልኩ፤ ደስታዬን ለማንም አልነገርኩም። እኔ ጴንጤ ከሆንኩ አሥራ ስድስት ዓመት ሆኖኛል፤ በቤተ ክርስቲያኔ ዮጋ የሚባል ነገር ባነሳ ከወገቤ ይልቅ ነፍሴ እንደምታሳስባቸው አውቃለሁ።

እናቴ ኦርቶዶክስ ናት፤ ያውም ጠንካራዋ። ሃይማኖት የቀየርኩ ጊዜ ብዙ አልቅሳ ነበር። በኋላ ግን "ስሙን እስከጠራች ድረስ ምን አደርጋታለሁ" ብላ ተወችው። እኔም የጾሟን ወጥ እሠራላታለሁ፤ ሰው ከእንጦጦ ማርያም ጠበል ሲያመጣላት በብርጭቆ ቀድቼ አጠጣታለሁ። እንዲህ ተቻችለን ነው የኖርነው።

ስትሮኩ ቀኝ ጎኗን ነው የመታት። አንደበቷ ዘገየ እንጂ ተረፈ። መጀመሪያ ቀጠሮ የወሰድኳት ቀን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው፣ ትሑት ወጣት ነው፣ ፊቷ ቁጢጥ ብሎ "እማማ፣ በዚህ እጅዎ በጣም ማድረግ የሚፈልጉት ምንድን ነው?" አላት። መብላት ትላለች ብሎ የጠበቀ ይመስለኛል።

"ማማተብ" አለችው።

"ለጊዜው በግራዎ ቢያማትቡስ?"

አሳዳጊ የበደለው ልጅ እንደሚታይ አየችው። እሱም ገባውና፣ "እሺ፣ ግንባርዎ ጋ እናደርሰዋለን" አላት። ወደ እኔ ዞሮ ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ። "በየቀኑ ነው ታዲያ። አሁን ካልተንቀሳቀሰ ትከሻው ይደርቃል፤ አንዴ ከደረቀ ለመመለስ ከባድ ነው።" ቀጣዩን ቀጠሮ ከሁለት ወር በኋላ ሰጠን።

በየቀኑ ጀመርን። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ልብሷን ካለበስኳት በኋላ፣ ወንበሯን ፀሐይ ወደሚገባበት መስኮት አስጠጋዋለሁ። ክርኗን በአንድ እጄ፣ አንጓዋን በሌላው ደግፌ ክንዷን ከጭኗ ላይ አነሳለሁ። ከጂሙ የተማርኩትን የትንፋሽ ነገርም ጨመርኩበት። "አስገቢ... ያዢ... ቀስ ብለሽ ልቀቂ።" እሷ በየልቀቂው መሐል "ማርያም ማርያም" ትላለች። ሕመሙ ሲበረታባት አብሬያት እተነፍሳለሁ። በሁለት ሳምንት ውስጥ እጇ ከጭኗ ተነስቶ ደረቷ ደረሰ። ያን ቀን ሁለታችንም እጇን ደረቷ ላይ አስቀምጠን ቆየን።

ጥፋቱ የመጣው ከኔው አፍ ነው። ጎረቤታችን የስልጤ ሴት ናት፤ ከግቢያችን በር አጠገብ ሱቅ አላት። እኔ ትምህርት ቤት ስውል እየወጣች እየገባች እናቴን የምታይልኝ እሷ ናት። አንድ ጠዋት ዳቦ ይዛ ስትመጣ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ እኔ የጂሙን ዮጋ ቤት ውስጥ ልሠራ ምንጣፌ ላይ በእጄና በእግሬ ቆሜ፣ መቀመጫዬ ወደ ጣሪያ፣ ራሴ ቁልቁል።

"ምነው፣ ሰለምሽ እንዴ?" አለችኝ እየሳቀች። "ቂብላው እኮ በዚህ አይደለም።"

እንቅስቃሴው በእንግሊዝኛ ስም አለው፤ ቀጥታ ቢተረጎም ለፀሐይ የሚሰጥ ሰላምታ ማለት ነው። እኔ እንግሊዝኛ አስተማሪዋ፣ ተማሪ አንድ ቃል ሲያዛባ በቀይ እስክሪብቶ የማሰምርበት ሴትዮ፣ ራሴ ተዘቅዝቆ፣ "ኧረ የፀሐይ ስግደት ነው" አልኳት። ወደ ታች መውረዱንና መነሳቱን ሳይ ስግደት የሚለው ቃል ቀድሞ መጣልኝ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። እሷ ስቃ ሄደች፤ ቀን ላይም ለእናቴ ለጨዋታ ያህል "እማማ፣ ልጅዎ ለፀሐይ መስገድ ጀምራልዎታለች" ብላ አወራቻት።

እናቴ አልሳቀችም። በማግስቱ ጠዋት ክንዷን ልይዝ እጄን ስዘረጋ፣ በደህና እጇ የታመመውን አንጓ ይዛ ጋቢዋ ውስጥ ከተተችው።

"ተይው።"

"ምነው፣ አመመሽ?"

"ለፀሐይ የሰገደ እጅ አይነካውም።"

ነገሩ ከየት እንደመጣ ወዲያው ገባኝ። "ታዲያ ይሄው እጅ አይደለም የሚያለብስሽ? የሚያጎርስሽ?" አልኳት።

"እሱ ልብስ ነው፣ እሱ ምግብ ነው። ይሄ ማማተቢያዬ ነው። ወደ ፀሐይ አዙረሽ፣ ተንፍሺ፣ ያዢ እያልሽ... እኔ ጅል፣ ሕክምና መስሎኝ።" አይኗ እንባ ሞላ። "ከኔ ቤተ ክርስቲያን ወጣሽ፣ እሺ አልኩ። ደግሞ ፀሐይ?"

እዚህ ጋ አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ። ቃሉን ተሳስቼ ነው፣ ሰላምታ ነው እንጂ ስግደት አይደለም፣ ለወገቤ የምሠራው እንቅስቃሴ ነው፤ በቃ ይሄው ነው። ከግማሽ ደቂቃ አያልፍም። እኔ ግን ተናደድኩ። በቀን ስድስት ጊዜ እያነሳኋት፣ ለሷ ስል በተበላሸ ወገብ ትከሰኛለች ብዬ ከነፍሴ ተናደድኩ። "እንግዲህ እንዳሻሽ" አልኳትና ወደ ጓዳ ገባሁ።

በማግስቱ ጠዋት ንዴቱ አልፎልኝ ነበር። ግን ከአንድ ሰዓት በፊት የሚያስነሳኝ ነገር እንደሌለ ትዝ አለኝና ብርድ ልብሱን ወደ ራሴ ሳብኩት። ግማሽ ሰዓት ተኛሁ። እናቴ ከታመመች ወዲህ እንደዚያ የጣፈጠኝ እንቅልፍ የለም። በሚቀጥለው ቀንም እንደዚያው። ለጓደኞቼ "ምን ላድርግ፣ እምቢ አለች" እላለሁ፤ እነሱም "አይዞሽ፣ አሮጊት እልኸኛ ነው" ይሉኛል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። እምቢ ያለችው እሷ ናት፤ እምቢታዋ የተመቸኝ ግን እኔ ነኝ። የራሴን ዮጋ አላቋረጥኩም፣ ይሄም ይጻፍ። ለወገቤ ጊዜ ነበረኝ። እንዲህ ሆኖ አምስት ሳምንት አለፈ።

ነገሩን የፈታችው ጎረቤታችን ናት። አንድ ቀን ሻይ ይዛላት ገብታ እጇ ጋቢው ውስጥ እንደተኛ ብታይ፣ "እማማ፣ ይሄ እጅዎ ዛሬም አልሠራም?" አለቻት። እናቴ ምክንያቱን ነገረቻት። ሴትየዋ ደነገጠች። "ወላሂ፣ እኔ ለቀልድ ነው ያወራሁት" ብትላት አልሰማቻትም። ከዚያ ሱቋን ቆልፋ፣ ሻርፗን አስተካክላ፣ ቀጥ ብላ የእናቴ የንስሐ አባት ወደሚያገለግሉበት ደብር ሄደች፤ ከበሩ ውጭ ቆማም አስጠራቻቸው። እኔ ይሄን ሁሉ የሰማሁት ከትምህርት ቤት ስመለስ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

ቤት ስገባ አባ ከእናቴ ትይዩ ተቀምጠዋል። ጎረቤታችን በሩ ላይ ቆማለች። አባ ካህን ናቸው፣ ወደ ሰባ የሚጠጉ፣ ሲቀመጡ ጉልበታቸውን የሚይዙ።

"እስኪ ይሄን የምትሠሪውን አሳዪኝ" አሉኝ።

"አሁን አባ?"

"አሁን።"

ጓዳ ገብቼ ከቀሚሴ ሥር የስፖርት ሱሪዬን ለብሼ ወጣሁ። ምንጣፌን ዘረጋሁ። እጄን ወደ ላይ ዘረጋሁ፣ ጎነበስኩ፣ አንድ እግሬን ወደ ኋላ ወረወርኩ፣ በሆዴ ወረድኩ፣ ደረቴን ቀና አደረግሁ፣ ተነሳሁ። እንደዚያ ያፈርኩበት ቀን የለም። አባ ሳይስቁ፣ ፊታቸውንም ሳያጨፈግጉ እስከ መጨረሻው አዩኝ።

"ስትሠሪው ምን ትያለሽ?"

"ምንም አልልም አባ። ትንፋሼን እቆጥራለሁ።"

"ወገብሽን ነው የሚያምሽ?"

"አዎ።"

"ለወገብ ሳይሆን አይቀርም ብዬ ነበር። ታዲያ ስግደት ያለው ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

"ፈረንጆቹስ ምን ይሉታል?"

"ሰላምታ።"

"ሰላምታና ስግደት አንድ ነው እንዴ? አንቺ አስተማሪ አይደለሽም?" አሉኝ። ወደ እናቴ ዞሩ። "እማሆይ ልበልዎት እንግዲህ፣ ይህን ያህል ከጠነከሩ" ብለው ቀለዱባት። "ልጅቷ ቃል ተሳስታለች እንጂ ለማንም አልሰገደችም። እኔና እርስዎም ወደ ምሥራቅ ዞረን ነው የምንጸልይ፤ ለፀሐይ ሰገዱ ያለን ግን የለም። እጅዎን ይስጧት።"

እናቴ ወዲያው ጋቢዋን ገለጥ አድርጋ እጇን አወጣችልኝ። አምስት ሳምንት የዘጋነው ነገር አንድ ኩባያ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ተከፈተ። ክንዷ ገና ስነካው መድረቁ ያስታውቅ ነበር፤ ከጭኗ ትንሽ ከፍ ብሎ ቆመ፣ እሷም ጮኸች።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ማታ ሠራን። ከዘገየን በኋላ ተጣደፍን። ዓርብ ዕለት ቀጠሯችን ደርሶ ሄድን። ወጣቱ ባለሙያ ክንዷን በዚህም በዚያም ሞከረው፣ ትከሻዋን ዳሰሰ። "በየቀኑ ስትሠሩ ነበር?" አለ፣ እኔን እያየ።

እናቴ ቀደመችኝ። "እኔ ነኝ እምቢ ያልኩ። እሷን አትቆጣት፣ እሷ ምን ታድርግ።"

እሱም አልተቆጣም። መሥራቱን እንድንቀጥል፣ ሕመሙ እንደሚቀንስላት፣ ግን ከዚህ ብዙ ከፍ ይላል ብሎ ተስፋ ሊሰጣት እንደማይፈልግ በጨዋ ቃል ነገረን። በኮንትራት ታክሲ ስንመለስ እናቴ መንገዱን ሙሉ በመስኮት ስታይ መጣች። እኔ ከጎኗ ተቀምጬ፣ እኔ ነኝ እምቢ ያልኩ ያለችውን በልቤ ስደጋግም ደረስን።

በማግስቱ ቅዳሜ ነው። ወደ ጂም አልሄድኩም። አልጋዋ ላይ ትራስ አስደግፌ አስቀመጥኳትና ክንዷን አነሳሁ። ደረቷን አለፈ፣ አገጯ ሥር ሲደርስ ቆመ። ትንሽ ልግፋው ስል ፊቷ ተኮማተረ፤ ተውኩት። "ያዢልኝ እዚያው" አለችኝ። ያዝኩላት። ጭንቅላቷን ቀስ ብላ ዝቅ አደረገች፣ ግንባሯ ጣቶቿን እስኪነካ ድረስ። "በስመ አብ" አለች።

አማትባ እስክትጨርስ እንኳ መጠበቅ አቃተኝ። "እማዬ፣ እምቢ ያልሽው አንቺ አይደለሽም" አልኳት። "ቃሉ ስህተት መሆኑን አውቅ ነበር።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከመጀመሪያው ቀን። ልነግርሽ እችል ነበር። አንቺ እምቢ ስትዪ እኔ ጠዋት ጠዋት እተኛ ነበር። ደስ ብሎኝ እተኛ ነበር።"

እጇ አሁንም በእጄ ውስጥ ነው፤ አላስወጣችውም፣ ማስወጣትም አትችልም።

"ደክሞኛል ማለት አቅቶሽ ነው ፀሐይን ያስወቀስሻት?" አለችኝ።

እንባዬ መጣ። እናቴ ከወደቀችበት ቀን ጀምሮ እንዴት ነሽ ላለኝ ሁሉ እግዚአብሔር ይመስገን ነበር መልሴ፤ ለዶክተሩም፣ ለጓደኞቼም፣ ለአባም።

"ደክሞኛል እማዬ" አልኳት።

በደህና ጎኗ እየተንፏቀቀች፣ ትራሱን በግራ እጇ እየጎተተች፣ የአንድ ሰው ቦታ ለቀቀችልኝ። የዚያን ዕለት ማንሳት ከነበረብኝ ስድስት ጊዜ ገና አንዱን እንኳ አላነሳኋትም ነበር። አጠገቧ ጋደም አልኩ፣ በማይታዘዘው እጇ በኩል።