ባል የሞተባት እጅ

በሙሽራ ልብስ ቤቱ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁሉም «ስፒል» ይላታል። ከጠዋት እስከ ማታ አራት አምስት ስፒል በከንፈሯ ይዛ ስለምትውል ነው። እሷም አልጠላችውም። ስፒል በአፉ የያዘን ሰው ብዙ የሚጠይቀው የለም፤ ቢጠየቅም «እህ» ካለ ይበቃዋል። ባሏ ከሞተ ወዲህ ደግሞ ጥያቄን የምትፈራውን ያህል የምትፈራው ነገር የለም።

ባሏ አናጢ ነበር። ከሞተ ሰባት ወሩ። መቼም ወንድ ሲሞት ለሚስቱ ስም አውርሷት ነው የሚሄደው፤ ያውም አንድ ቢሆን ጥሩ። ቅጽ የሚያስሞላው ጸሐፊ «ባል የሞተባት» የሚለው ላይ ምልክት ያደርግባታል። የሃይማኖት ሰዎች ለስለስ አድርገው «መበለት» ይሏታል። የባሏ ወንድሞች «የሟች ሚስት» ሲሏት ምን ልትጠይቀን መጣች በሚል ድምፅ ነው። ጎረቤት የተጣላት ቀን «ጋለሞታ» ትሆናለች። ልጇ ከሰፈር ልጆች ጋር ከተደባደበ «ምን ይደረግ፣ ሴት ያሳደገው» ይባላል፤ አባቱ በሕይወት እያለም ይደባደብ እንደነበር ማንም አያስታውስም። ከልብስ ቤቱ አጠገብ ያለው ፀጉር አስተካካይ ሚስቱ የሞተችበት በዚያው ሰሞን ነው። እሱ የተሰጠው ስም አንድ ብቻ ነው፤ «ምስኪን»። በሦስተኛው ወር ሚስት ፈልገው ዳሩት። እሷ በሦስተኛው ወር ጥቁሯን ስታወልቅ ግን መንደሩ አፉን ከፈተባት።

ጥቁሯን ያወለቀችው ደግሞ ወዳ አልነበረም። ባል የሞተባት ሴት የሙሽራ ልብስ ከነካች ገደ ቢስነቷ ይተላለፋል ብለው የሚያምኑ ደንበኞች አሉ። ባለሱቋ ይህን ስለምታውቅ ስፒልን ለብቻዋ ጠርታ፣ የእጇን ሥራ ማጣት እንደማትፈልግ፣ ነገር ግን ጥቁር ለብሳ እንዳትመጣና ቀለበቷንም እንዳታወልቅ ነገረቻት። ለጠየቀ ሁሉ ባሏ የረጅም መንገድ ሹፌር ነው ተባለ። ስፒል ሆድ ይፍጀው ብላ ተቀበለች። ይህ ሥራ ከቀረ ልጇን ይዛ የባሏን ወንድሞች ደጅ መጥናት ነው፤ ከዚያ ሞቷን ትመርጣለች።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል። አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጨርሶ አለቀ።

በማግስቱ የምታገባ ሙሽራ ከእናቷና ከአክስቷ ጋር ለመጨረሻ ልኬት መጣች። አክስትየዋ የአባቷ እህት ናት፣ እሳት የላሰች ሴት። ገና ወንበር ሳትይዝ ሰፊዋ ባለትዳር መሆኗን ጠየቀች። ባለሱቋ ዓይኗን በጨው ታጥባ፣ ባሏ ሹፌር እንደሆነና ዛሬም መንገድ ላይ እንዳለ ነገረቻትና ወደ ውጪኛው ክፍል ወጣች። እናትየዋ በሩ ጋ ቆማለች። እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ የገዛ ልጇን እንደ ባዳ ከሩቅ ታያለች። ስፒል ታዘበቻት። ምን ዓይነት እናት ናት ስትልም በሆዷ አማቻት።

ቬሎው ጠቦ ነበር። የጀርባው ዚፕ ግማሽ ደርሶ እምቢ አለ፤ ስፒል ሳብ ስታደርገው የጎኑ ስፌት ከብብት እስከ ወገብ ተተረተረ። ሙሽራዋ እንባዋ መጣ። እንዲህ ሲሆን ልብሱ ገላ ላይ እንዳለ በእጅ ይሰፋል፤ ያ ደግሞ ሁለት ሰው ይፈልጋል፣ አንዱ ጨርቁን ገጥሞ የሚይዝ፣ ሌላው የሚሰፋ። የአክስትየዋ ጥፍር ረጅም ነው፣ ዳንቴሉን ይመዘዋል። ስፒል ስፒሎቿን እንደነከሰች በአገጯ ወደ እናትየዋ ጠቆመች።

«እማዬ፣ ነይ ያዢልኝ» አለች ሙሽራዋም።

እናትየዋ አንድ እርምጃ ተራመደች።

«አንቺ አትንኪው» አለቻት አክስትየዋ፣ ድምጿን እንኳ ከፍ ሳታደርግ። «ወንድሜን የበላሽው ይበቃል። ተነጋግረናል እኮ።»

እናትየዋ ተመልሳ በሩ ጋ ቆመች። ለስፒል ያኔ ነው የገባት። ሴትየዋም ባል የሞተባት ናት፤ ልጇን ጠልታ አይደለም፣ ተከልክላ ነው። ስላማቻት አፈረች። ዝም ብትል እንጀራዋ ይተርፍላታል። ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አወጣቻቸው።

«የኔም ባል ሞቷል» አለች። «ሰባት ወሩ ነው። ይሄን ልብስ የቆረጥኩትም የሰፋሁትም እኔ ነኝ። ያልነካሁት ቦታ የለውም።»

አክስትየዋ ሙሽራዋን አሁኑኑ አውልቂው ብላ ባለሱቋን ተጣራች። ባለሱቋ ገብታ ነገሩን ስትሰማ ደረቷን ይዛ ስፒል ላይ ዞረችባት። ለካ እስከ ዛሬ ስታታልለኝ ኖራለች፣ እኔ ምን አውቃለሁ ስትል ጮኸች።

ስፒል በንዴት ቀና አለች። «ሹፌሩን የፈጠሩት እርስዎ ነዎት» አለቻት። «የኔ ባል አናጢ ነበር። ብስክሌት እንኳ አይነዳም።»

ሙሽራዋ በእንባዋ መሀል ሳቅ አመለጣት። ባለሱቋ ግን ዕቃሽን ሰብስበሽ ውጪልኝ አለች። በቃ፣ የፈራችው ደረሰ። ስፒል ቦርሳዋን ለማንሳት ጎንበስ አለች።

«ትጨርሰው» አለ አንድ ድምፅ። እናትየዋ ናት። አክስትየዋ አፏን ስትከፍት አላስጀመረቻትም። «ባሌ ከሞተ ጀምሮ ዘጠኝ ዓመት ሰምቼሻለሁ። ዛሬ አልሰማሽም።»

መጥታ ከልጇ ጎን ተንበረከከች። የተተረተረውን ጨርቅ በሁለት እጇ ገጥማ ያዘችው። ስፒል መርፌዋን አንስታ ከብብት ጀምራ ወደ ታች ሰፋች። አክስትየዋና ባለሱቋ ሲያጉረመርሙ ቆይተው የሚሰማቸው ሲያጡ ተያይዘው ወጡ። ስፒል ቋጠረች፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። ነገ የት ሄዳ ምን እንደምትሠራ አታውቅም።

«አልቋል፣ እትዬ» አለቻት ቀስ ብላ። «ሊለቁት ይችላሉ።»

እናትየዋ አልለቀቀችም።