በካስተም ዋጋ የሸጥኩት ክርክር

ጁባ ውስጥ ውል የሚባለውን ነገር እንደ እኔ የሚያውቅ ሰው አልተፈጠረም። ካስተም ገበያ ሳሙናና የምግብ ዘይት በጅምላ ስሸጥ የገባሁት ውል ቢቆጠር ከጀበል ኩጁር ተራራ ድንጋይ ይበልጣል። ብቻ አንዱም በጽሑፍ አልነበረም። እጅ እንመታለን፣ «ከላስ» እንባባላለን፣ አለቀ።

በዚህ ዕድሜዬ ሕግ ትምህርት ቤት ለምን እንደገባሁ ለጠየቀኝ ሁሉ የተለያየ መልስ ሰጥቻለሁ። ለባለቤቴ «ዳኛ ልሆን ነው» አልኳት፤ ለጎረቤቴ ነጋዴ «አንተን ለመክሰስ» አልኩት። እውነቱን ለመናገር፣ በቃል የማሸንፋቸው ሰዎች ወረቀት ሲያወጡ እያሸነፉኝ ስለመጡ ነው።

ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ሱቁን ለባለቤቴ ትቼ ቦዳቦዳ የሚሉት የኪራይ ሞተር ላይ እወጣለሁ። ከመንገዱ አቧራ ግማሹን ሸሚዜ፣ ግማሹን ሳንባዬ ይወስደዋል። ክፍል ስደርስ ወገቤ የኔ አይደለም። ውጭ ጀነሬተሩ ይጮኻል፣ ውስጥ አስተማሪው ከጀነሬተሩ በላይ ለመጮኽ ይታገላል፣ እኔ በመሃል ዓይኔን ገልጬ እተኛለሁ። ማስታወሻ አልይዝም። «ነጋዴ በጭንቅላቱ ነው የሚይዘው» እላለሁ።

ተማሪዎቹ ልጆቼን ያክላሉ። መካ ቀርቶ ፖርት ሱዳን እንኳ ደርሼ ባላውቅም «ሀጂ» ይሉኛል። አንድ ቀን ዘግይቼ ስገባ ከኋላ የተቀመጠ አንዱ ቀልማዳ «ተነሡ፣ የትምህርት ቤቱ ዲን መጡ!» ብሎ ክፍሉን በሙሉ አስቆመልኝ። አብሬ ሳቅኩ። ቤቴ ስገባ ግን መስታወት ፊት ትንሽ ቆየሁ።

ትምህርት ቤቱ ላዘጋጀው የምስለ ችሎት ውድድር አብራኝ የተመደበችው ልጅ ጋምቤላ ያደገች ደቡብ ሱዳናዊት ናት፤ አማርኛዋ ከኔ ከሐበሻው ይጠራል። በሁለት በሁለት ሆነን ነው የምንወዳደረው። የሚያሸንፈው ቡድን ከተማው ውስጥ ባለ አንድ የጠበቃ ቢሮ የስድስት ወር ልምምድ ያገኛል። እኔስ ሱቅ አለኝ። እሷ ግን እጇን ይዞ ቢሮ የሚያስገባት አጎት የላትም፤ የተከፈተላት በር ያ ብቻ ነበር።

«ጋሼ፣ አደራ» አለችኝ፤ «ቀልዱን ለሱቅ ያቆዩት።»

«እኔ ስቀልድ አይተሽኝ ታውቂያለሽ?»

«ትናንት አስተማሪውን ‹የመጨረሻ ዋጋህ ስንት ነው?› ብለውታል።»

«ፈተናው ስንት ጥያቄ እንደሆነ ነበራ የጠየቅኩት!»

የተሰጠን ጉዳይ በልኬ የተሰፋ ነበር። አንድ ዳቦ ቤት ከካምፓላ ምድጃ ያዛል። ሻጩ «ዝናብ መኪናዬን ድንበር ላይ አቆመብኝ» ብሎ ከቀጠሮው ሦስት ሳምንት አሳልፎ ያመጣል። ዳቦ ቤቱ አልረከብም ይላል። እኛ የዳቦ ቤቱ ጠበቆች ነን፤ ውሉ ይፍረስልን ነው የምንለው። ጉልበታችን የውሉ ዘጠነኛ አንቀጽ ላይ ነው፦ ሻጩ መዘግየት ከገጠመው በሦስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። አላሳወቀም። ልጅቷ አንቀጹን ከነክርክሩ ካርድ ላይ በእጇ ጽፋ ሰጠችኝ።

«ዳኞቹ ዝናቡን ካነሡ ይህን ያንብቡላቸው። ከዚያ ሌላ አንዲት ቃል አይጨምሩ።»

በውድድሩ ቀን እሷ ቀድማ ተናገረች። እኔ በተቀመጥኩበት ኮራሁ፤ እንዲያ ስትናገር ጣራው ላይ ያለው ማራገቢያ እንኳ ቆሞ ያዳመጣት መሰለኝ። መብራት ሄዶ ነው የቆመው።

ተራዬ ደርሶ ቆምኩ። ክርክሩ በእንግሊዝኛ ነው፤ የኔን እንግሊዝኛ ደግሞ ያስተማሩኝ የካምፓላ ሾፌሮች ናቸው። ከሦስቱ ዳኞች መሃል የተቀመጠችው ሴትዮ ቀና አለች።

«ጠበቃ፣ ዝናብ ከሻጩ አቅም በላይ መሆኑን ይቀበላሉ?»

ካርዱን አወጣሁ። አቀረብኩት፤ አራቅኩት። ፊደሉ እንደ ሰሊጥ ተበትኗል። ጭንቅላቴ ውስጥ ፈለግኩት፤ እዚያም የለም። የቀረኝ የገበያ ሙያዬ ነው። ካስተም ውስጥ ደንበኛ ፊቱን ሲያኮሳትር ትንሽ ትለቅለታለህ፣ እሱም ትንሽ ይለቅልሃል።

«ክብርት ዳኛ፣ ለእርስዎ ስል ዝናቡን ትቼዋለሁ» አልኩ።

አዳራሹ ሳቀ። ዳኛዋ አልሳቀችም።

«እንግዲያው ለመዘግየቱ ይቅርታ ይገባዋል?»

«ለሦስቱም ሳምንት አይሆንም። አንዱን ሳምንት ይቅር እንበለው።»

«አንዱን ይቅር ካልን ሁለቱን በምን እንለያቸዋለን?»

ልክ ናት። እንዲህ የምትከራከር ደንበኛ ገበያ ውስጥም በዓመት አንዴ ብትገኝ ነው። ልጅቷ ከኋላዬ ኮቴን ትጎትታለች። «ካርዱን፣ ጋሼ! ካርዱን!» እጄን ወደ ኋላ አወናጨፍኩባት፤ ሽያጭ መሃል ስትገባብኝ ባለቤቴን እንደማደርጋት።

ይኼኔ ዳኛዋ ሰዓቷን አየችና ወረቀቶቿን መሰብሰብ ጀመረች። የኔ ደቂቃ አልቆ ነበር። እኔ ግን የታየኝ ትቶኝ ሊሄድ የተነሣ ደንበኛ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው እጅጌውን ይዘህ የመጨረሻውን ዋጋ ትነግረዋለህ እንጂ ዝም ብለህ አትሸኘውም።

«ቆይ፣ ቆይ! ዳቦ ቤቱ ምድጃውን ይረከብ፤ የማውረጃውን ወጪ ሻጩ ይቻል፤ ከላስ!»

ዳኛዋ ወረቀቱን መልሳ አስቀመጠች። «ጠበቃ፣ ደንበኛዎ ውሉን አፍርስልኝ ብሎ ነበር የላከዎት። እርስዎ ምድጃውን አስረከቡት እኮ።»

ተቃራኒዎቻችን ተነሥተው «የምንጨምረው የለንም» ብለው ተቀመጡ። የቢሮውን ልምምድ ያገኙት እነሱ ናቸው።

ልጅቷና እኔ ውጭ ደረጃው ላይ ተቀመጥን። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። ጫማዋን አውልቃ አቧራውን አራገፈች።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ሦስት ጊዜ ገልብጬ ነው የጻፍኩት። ለምን አላነበቡትም?»

ውሸቶቹ ተሰልፈው መጡልኝ፤ ሙቀቱ፣ ጀነሬተሩ፣ የዳኛዋ ዓይን። ሌላ ቀን ቢሆን አንዱን መርጬ አንበሳ አሳክለው ነበር። ግን ደክሞኝ ነበር፤ ለማጋነን እንኳ ጉልበት አጣሁ።

ኮት ኪሴ ውስጥ እጄን ከትቼ መነፅሬን አወጣሁና ጉልበቷ ላይ አኖርኩላት። ያለ እሱ የገዛ ስሜን ማንበብ አልችልም። ሱቅ ውስጥ ከካርቶን ጀርባ ተደብቄ ነው የማደርገው። በዚያ ሁሉ ጎረምሳ ፊት ሽማግሌ እንዳልመስል አፍሬ ኪሴ ውስጥ ተውኩት።