አያቴ ተረት በቀን ያወሩ ዕለት

ልጅ ሳለሁ፣ ቡና ለቀማ ሲደርስ ከጅማ ተነስተን ሊሙ ገነት አጠገብ አያቴ አባ ዲኮ ቤት እንሰነብት ነበር። ማታ ማታ ከተሰጣው ቡና ዳር እሳት ይነድዳል፣ ፋኖሱ ይጨሳል፣ እሳቸውም የዛፍ እባቦችን ተረት ያወሩልናል። እባቦቹ እህትና ወንድም ናቸው፤ ታላቁ ዓይነ ትልቅ፣ ንክሻው አይጣል ነው፣ ግን ፈሪ፤ መካከለኛው ቀን ተኝቶ የሚውል ሰነፍ፤ ታናሿ ደግሞ ቀጭን፣ ከእንቁራሪት በቀር ማንንም የማትነካ፣ አረንጓዴ ልብሷን ከቡና ዛፍ ለምና የለበሰች። እኔም የቤቱ መጨረሻ ስለሆንኩ ነው መሰለኝ ታናሿን አብልጬ እወድ ነበር።

በቀን ግን ተረት ብሎ ነገር የለም። ፀሐይ ሳትገባ ያወራ ከብቱ ይጠፋበታል ይሉ ነበር አያቴ።

አንድ ዓመት የጅማ ተማሪዎች በዘመቻ ለለቀማ መጡ። አንዷ ቅርንጫፍ ስትጎትት አረንጓዴ እባብ ዱብ ብላ ቅርጫቷ ውስጥ ወደቀች። ጩኸቱ ሌላ! ወንዶቹ ዱላ ይዘው ከበቡ።

«አትንኳት! ታናሿ ናት!» ብዬ ፊታቸው ቆምኩ።

«ዞር በይ አንቺ ልጅ!» አለኝ አንዱ፣ ዱላውን እንዳነሳ። ማን ይስማኝ? እንባዬ መጣ።

አያቴ በዝግታ መጥተው ቅርጫቱን በከዘራቸው ወደ ቡናው ግንድ አስጠጉት። ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉና በጠራራ ፀሐይ «ቢስሚላህ፤ ድሮ እባቦች ሁሉ ራቁታቸውን ሳሉ...» ብለው ጀመሩ።

ክው አልኩ። «አካኮ፣ ከብቶቹስ?» አልኳቸው አያቴን።

«ጨል ጄዺ፣ ዝም በይ ልጄ፤ ከብቶቹን አላህ ይጠብቃቸዋል።»

እንደዚያን ቀን የረዘመ ተረት ከሳቸው ሰምቼ አላውቅም። ታላቁን መላ ሊሙን አዞሩት፤ ሰነፉን ቀሰቀሱት፣ መልሰው አስተኙት፤ እኔ ሰምቻቸው የማላውቅ አጎትና አክስት ሁሉ ጨመሩባቸው። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ተሳሳቁ፣ ከዚያ ዱላቸውን ተደግፈው አዳመጡ፣ በኋላ ቁጭ ቁጭ አሉ። ያኔ ታናሿ አንገቷን ብቅ አደረገች፣ ግንዱ ላይ ተጠመጠመች፣ ወጥታ ቅጠሉ ውስጥ ጠፋች። አያቴም በዓይናቸው ሸኝተዋት «አለቀ» አሉ።

ሁሉም ዞሮ ሲያይ ቅርጫቱ ውስጥ ከቀይ ቡና በቀር ምንም የለም። ሳቁ ጫካውን ሞላው፤ ዱላ ያነሳው ልጅ ከሁሉም በላይ ሳቀ። እኔማ ደስታዬን መያዝ አቅቶኝ እዘላለሁ።

እስከዚያ ቀን ተረት የሚወራው ልጅ ለማስተኛት ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ለልጆቼ ሳወራ «እማዬ፣ ታስረዝሚዋለሽ» ይሉኛል። አዎ፣ አስረዝመዋለሁ። በረጅም ተረት የተረፈች ነፍስ በዓይኔ አይቻለሁ።