መርከቦቹ ለምን ተነሡ

ትናንት እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ካለው ሱቅ የገዛሁትን ቁንዶ በርበሬ ስወቅጥ ሽታው እስከ ዓይኔ ዘለቀና ሲልቨር ስፕሪንግ የተማርኩበት ክፍል ድቅን አለብኝ፤ ያ ጢዝ የሚለው ነጭ መብራት፣ ያ የማሞቂያው የአቧራ ሽታ። የንስሐ አባቴ «ይቅር በይው» ብለውኝ መምህሩን ይቅር ብዬዋለሁ። ንዴቱ ግን እስካሁን አልለቀቀኝም፤ እስቲ እህቴ፣ ስሚኝና ፍረጂኝ።

በዲቪ በመጣን በመጀመሪያው ብርድ ነው። የታሪክ መምህራችን ፈተና ሰጠን፦ አውሮፓውያን ባሕር አቋርጠው ሌላ አገር ፍለጋ ለምን ወጡ? እኔ መዝገበ ቃላት እያገላበጥኩ፣ ምዕራፉን እንደ ዳዊት በዜማ ደግሜ ይዤዋለሁ። ከሥዕሉ መግለጫ ጋር ቃል በቃል ጻፍኩለት።

«ኮርጀሻል። ዜሮ።» አለኝና እናቴን ኮል አደረገ።

እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ከሆቴል ጽዳት ሥራዋ ዩኒፎርሟን ሳትቀይር በረኪና በረኪና እየሸተተች መጣች። እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ቆምኩና ገጹን በቃሌ ወረድኩት። መምህሩ መጽሐፉን ከፍቶ በጣቱ ተከተለኝ።

«እሺ፣ አልኮረጅሽም። አሁን በራስሽ አባባል ንገሪኝ።»

ሁሉም ጭንቅላቴ ውስጥ አለ፤ እንግሊዝኛው ግን ከየት ይምጣ? ዜሮው ዜሮ ሆኖ ቀረ። እናቴ ይባስ ብላ ጎንበስ እያለች «ሶሪ፣ ሶሪ» ትለዋለች።

«ምን አጠፋሁና ነው ሶሪ የምትይው?» አልኳት ፌርማታው ላይ እያለቀስኩ።

«መምህር አይደሉ እንዴ? በይ ተይው፣ ለኔ ንገሪኝ። እኔ እፈትንሻለሁ።»

የባሱ መስኮት በሰው ትንፋሽ ጉም ለብሶ ነበር። በአማርኛ ዘረገፍኩላት፦ ወረርሽኝ ገበሬውን ሲፈጅ የተረፈው ጉልበቱ ተፈላጊ ሆኖ ከባላባቱ ማሳ ወደ ከተማ መፍለሱን፣ ነጋዴው ከመኳንንቱ እኩል መክበሩን፣ ሀብታም ሲበዛ ቅመም ፈላጊውም መብዛቱን፣ ቁንዶ በርበሬው ግን ከሩቅ ምሥራቅ በስንት ደላላ እጅ አልፎ ዋጋው እሳት ሆኖ መድረሱን፣ ነገሥታቱም «ከምንጩ እንግዛ» ብለው መርከብ ማስታጠቃቸውን። ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ከፊት ያሉት ዞረው አዩን።

«ደላላ እዚያም አለ?» ብላ ሳቀች። «መርካቶ ነው በይኛ! ጎበዝ፣ እኔ መቶ ከመቶ ሰጥቼሻለሁ።»

እሷ መቶ ብትሰጠኝ ምን ይረባኛል? ፊቴን አዞርኩ።

«መርከበኞቹ ሲሄዱ እናቶቻቸውስ ምን አሉ?» አለችኝ።

«እማዬ! እሱ መጽሐፉ ላይ የለም!»

«የለም እንዴ?» አለች። የመስኮቱን ጉም በእጅጌዋ ጠርጋ ወደ ውጭ ማየት ጀመረች። አያቴን፣ የእሷን እናት፣ አገር ቤት ለጎረቤት አደራ ሰጥተን ከመጣን ገና ዓመት አልሞላንም ነበር።