የመንግስቴ ዘር

መንግስቴን እስከ ዛሬ አልወደድኩትም፤ ወደፊትም የምወደው አይመስለኝም። እህቴን ካሰችን ከሞጣ አግብቶ ቢቸና የወሰዳት እሱ ነው። የመጀመሪያ ልጃቸው አርሴማ ፀጉሯም ቆዳዋም ነጭ ሆና ስትወለድ፣ "በእኔ ዘር እንዲህ ያለ የለም፤ ከማን እንዳመጣሽው አንቺ ታውቂያለሽ" ብሎ ገና አራስ ሳለች አባረራት። እህቴ ሕፃኗን ታቅፋ ሞጣ እኔ ቤት ገባች። መጥፎው ስም ግን ቀድሟት ደርሶ ነበር።

አርሴማ ይህን እየሰማች አደገች። ዓይኗ ከሩቅ አያይላትም፤ ሰሌዳውን በስልኳ አንስታ፣ አጉልታ ነበር የምታነበው። ዩኒቨርሲቲ ገብታ የሰው ልጅ ጄኔቲክስ ስትመርጥ፣ "ይሄ ደግሞ ምን ሥራ ያስገኝልሻል?" አልኳት።

"ለሥራ ብዬ አይደለም፤ ያንን ሰውዬ ላሳፍርበት ነው" አለችኝ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

በሁለተኛ ዓመቷ ለእረፍት ስትመጣ እናቷን አስቀምጣ አስረዳቻት። እንደ እሷ ያለ ነጭ፣ አልቢኖ የሚባል ልጅ ከእናት ብቻ ወይም ከአባት ብቻ አይመጣም። ሁለቱም በደማቸው ተሸክመውት ሁለቱም ሲያወርሱት ነው፤ የተሸከመው ሰው ደግሞ መልኩ እንደማንኛውም ሰው ስለሆነ አያውቀውም። "ግማሹን የሰጠኝ እሱ ነው" አለች። ካሰች ሰምታ ወደ ጓዳዋ ተመለሰች። መንግስቴ "እኔ አልተሸከምኩም" ቢል ማን ይሟገትላታል?

ዘንድሮ መንግስቴ ራሱ ሞጣ ድረስ መጣ። ከሁለተኛ ሚስቱ የወለደው ሰማው፣ ሚስቱ ሄለን ነጭ ልጅ ስለወለደችበት፣ አባቱ ያኔ ያለውን ቃል በቃል ደግሞ ሊያባርራት ተነሥቷል። ሄለን የመርጡለ ማርያም ቄስ ልጅ ናት፤ መንግስቴ እንኳ በእሷ ክፉ አይጠረጥርም። ነገሩ ከየት እንደመጣ ገብቶታል።

"ልጄ፣ አንቺ ተምረሻል፤ ሰማውን አስረጂልኝ" አላት። ልጄ ሲላት የመጀመሪያው ነው።

ጓዳ ጠርቼ፣ "ዝም በይው፤ እሱም ይቅመሰው" አልኳት።

"የምትቀምሰው ሄለን ናት እኮ፣ አክስቴ።" ወደ እሱ ተመልሳም፣ "እመጣለሁ። እርስዎም ግን እናቴን ባባረሩበት ደጅ፣ በሽማግሌዎች ፊት ይቅርታ ይጠይቋታል" አለችው። ምን ምርጫ አለው፤ እሺ አለ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቢቸና፣ መንግስቴ ደጅ ተሰበሰብን። አርሴማ ለሰማው እየደጋገመች አስረዳችው፤ እሱም አመነ፤ ሄለን ልጇን እንደታቀፈች ከቤቷ መባረሯ ቀረ። ከዚያ መንግስቴ እንደ ወጉ ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ ካሰች ፊት አጎነበሰ።

"ስምሽን በሐሰት አጥፍቻለሁ። ልጅቷ የእኔ ናት" አለ።

ተበዳይ ይቅር ስትል ነው ድንጋዩ የሚወርደው። ሁሉም ካሰችን ይመለከታል። መንግስቴ ድንጋዩን በሁለት እጁ ደገፍ አደረገው።

"እንግዲህ ካሰች፣ ይቅር በይውና እናውርድለት" አሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አባ ወልደ ኪዳን።

እህቴ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ወንበሯ ላይ ተደላድላ ተቀመጠች።

"ትንሽ ይቆይ፣ አባቴ" አለች።