በሊብሬው ላይ ያለው ሞተር

አባቴ የሚነዳው የመንግሥት ጂፕ በዕድሜ ከእኔ በአንድ ዓመት ይበልጣል። ሁለታችንንም ያሳደገን እሱ ነው፤ ልዩነቱ፣ ጂፑ ሲያስለው ሥራ አቁሞ ያዳምጠዋል፣ እኔ ሳስል ግን «ውሃ ጠጣበት» ይለኛል። ቅሬታ የለኝም። ጂፑ የከብት ክትባት ያመላልሳል፤ እኔ የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪ ብቻ ነኝ።

በዚህ ዓመት የካቲት መግቢያ ላይ ትምህርት ተቋረጠና ወደየቤታችሁ ሂዱ ተባልን። ድንጋይ የወረወሩት ሌሎች ነበሩ፤ እኔ የፊዚክስ ማስታወሻዬን ወደ ንጹሕ ደብተር እየገለበጥኩ ነበር። አብሬ ተባረርኩ። አምቦ ቤታችን ስደርስ ጂፑም ከሥራ ተሰናብቶ ቆሟል። ወደ ካቺሲ በሚወስደው ፒስታ መንገድ፣ ዳገቱ ላይ፣ ጥቁር ጭስ ተፍቶ ቀጥ ብሎ ነበር፤ እስከ ዋናው መንገድ ያወጡት ስድስት በሬዎች ናቸው። ስንት ዓመት ክትባታቸውን ሲያመጣላቸው ስለ ኖረ ውለታውን መለሱ ተባለ።

የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ነገሩን በርኅራኄ ተመለከቱት። አባቴን አስጠርተው፣ ወንበር አስቀርበው፣ «ጂፕ ከሌለ ሾፌር አያስፈልገንም፤ በሩ ላይ ግን ዘበኛ ይጎድለናል» አሉት። አዲስ ሞተር እንዳይገዛ በጀት የለም። ስለዚህ «በአካባቢው መፍትሔ ይፈለግለት» ብለው ጻፉና እስከ መጋቢት መጨረሻ ጊዜ ሰጡ። እስከዚያ ጂፑ ካልተነሳ፣ ሃያ ዓመት መሪ የያዘው የአባቴ እጅ ዱላ ሊይዝ ነው።

«ዘበኝነትም ክፉ አይደለም» አለን እራት ላይ፤ «ጎማ አይፈነዳበትም።»

እናቴ ቀና ብላ አየችውና ከወጡ ጨመረችለት። እንዲህ የምታደርገው ለቅሶ ላይ ለተቀመጠ ሰው ነው።

«አካባቢው» የተባለው አንድ መካኒክ ነበሩ። ሙያውን በጣልያን ጊዜ ጋራዥ ውስጥ የተማሩ፣ የመኪናውን አካል በጣልያንኛ፣ ስድቡን በኦሮምኛ፣ ምክሩን በአማርኛ የሚናገሩ ሽማግሌ ናቸው። አባቴ «ኦቦ» ይላቸዋል፤ እኔም ተከትዬ። ሞተሩን ፈታተው ብዙ አዩትና «ዱኤራ» አሉ። ሞቷል ማለታቸው ነው።

«እንዴት ይሞታል ኦቦ? እስከዚያ ዳገት ድረስ እኮ ደህና ነበር» አለ አባቴ።

«ስሙን አታይም? ‹ሞተ› ብለህ ትጀምርና ነው ‹ር› የምትጨምርበት። ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ ነግሮሃል።» ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ ተማሪው፣ ስለ ጉልበት ምን አስተማሩህ?»

«ጉልበት ማለት ሥራ ለጊዜ ሲካፈል ነው» አልኩ፣ ለማገዝ ያህል።

«ጊዜው አልቋል፣ ሥራው እንዳለ ነው። በል አካፍለው!»

መፍትሔው የተገኘው እጃጂ ከተማ ነው። አንድ ባለ ወፍጮ አዲስ ሞተር ተክሎ፣ አሮጌውን የናፍጣ ሞተር ጓሮ ጥሎት ነበር። «ለመንግሥት ሥራ ከሆነ ውሰዱት» አለን። ሰው ለመንግሥት እንዲህ ሲቸር ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ቀረብ ብለን ስናይ ሞተሩ ሥር ዶሮ ዕንቁላል ታቅፋለች። የባለ ወፍጮው ሚስት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ወጣች።

«ዶሮዬን የሚነካ ሰው እንዳላይ!»

«እሜቴ፣ የመንግሥት ጉዳይ እኮ ነው» አለ አባቴ።

«ዶሮዋ መንግሥት አታውቅም። አሥራ አንድ ቀን ይቀራታል።»

እናም የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የከብት ክትባት አሥራ አንድ ቀን ዶሮ ጠበቀ። አባቴ በየሁለት ቀኑ በአውቶቡስ እየሄደ ዕንቁላሎቹን ጠይቆ ይመለስ ነበር። ዘጠኝ ጫጩቶች ሲፈለፈሉ «እንኳን ደስ ያለህ» ያሉት ሰዎች አሉ።

ሞተሩን ጂፑ ውስጥ ማግባት ደግሞ ሁለት ሳምንት ፈጀ። የወፍጮ ሞተርና የጂፕ ካምቢዮ ተያይተው አያውቁም፤ ከአሮጌ ጭነት መኪና የተቆረጠ ወፍራም ብረት መሐላቸው ገብቶ አስታረቃቸው። ኮፈኑ አልዘጋ ስላለ መሐሉ ተቀደደ፤ የጭሱ ቧንቧም በዚያ በኩል ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ወጣ። የእኔ ድርሻ ብሎን መቁጠር ነበር። አንድም አልጎደለብኝም፤ እንዲያውም ሦስት ተረፈ፤ ኦቦ ይህን ሲሰሙ ሌላ ሥራ ሰጡኝ።

ሲነሳ አምቦ በሙሉ ሰማው። ቱክ፣ ቱክ፣ ቱክ። ዕድሜውን ሁሉ በቆሎና ጤፍ ሲፈጭ በአንድ ፍጥነት የኖረ ሞተር ነውና ነዳጁን ብትረግጠውም ባትረግጠውም ሐሳቡን አይለውጥም። ዳገትም ይሁን ሜዳ፣ ከበቅሎ ፈጠን፣ ከፈረስ ዘግየት ብሎ ይሄዳል። ግን ይሄዳል። ክትባቱን ጭነን፣ እኔም አብሬ ተሳፍሬ፣ አሮጌው ሞተር የሞተበት ዳገት ላይ ስንደርስ አባቴ ባርኔጣውን አወለቀ።

ችግሩ ድምፁ ነበር። በዚያ አገር ቱክ ቱክ የሚል ነገር አንድ ብቻ ነው። ከመጀመሪያው መንደር ጀምሮ ሴቶች እህል ተሸክመው ከየደጁ ወጡ። አንዲት ጠና ያሉ እናት ሮጠው ደረሱብንና፣ መድረሱ ከባድ አልነበረም፣ ጆንያቸውን ከኋላ ጭነው ሲያበቁ «ኒ ዳክቱ?» አሉ። ትፈጫላችሁ ወይ ነው።

«ላኪ፣ ሃርሜ!» አለ አባቴ። «አይ እናቴ፣ አንፈጭም፤ የከብት ክትባት ነን።»

ሴትዮዋ ጆሯቸውን ወደ ኮፈኑ አዘንብለው አዳመጡ። «እሱ እፈጫለሁ እያለ ነው» አሉ በኦሮምኛ፤ «ተስማሙና ንገሩኝ።»

ካቺሲ የገባነው ከኋላችን ረጅም የእህል ሰልፍ አስከትለን ነው። መሥሪያ ቤቱ ለክትባት ጥሩንባ ሲያስነፋ የማይወጣ ሕዝብ፣ ወፍጮው ሲሰማ ወጣ፤ ከወጣ በኋላም የመጣበት እንዳይባክን ከብቱን አስነድቶ አስከተበ። እንደዚያ ቀን ብዙ ከብት የተከተበበት ጊዜ የለም ሲባል ሰምቻለሁ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። እኔ ግን ልርዳ አልኩ። መሥሪያ ቤቱ የጥገና ደብዳቤ ፈለገ፤ አባቴ «‹ጂፑ ተሠርቷል› ብለህ ጻፍልኝ» አለኝ። ሁለት ቃል። ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው ሁለት ቃል ጽፎ አይነሳም፤ ሁለት ገጽ ጻፍኩ። የአሮጌውን ሞተር ቁጥርና የወፍጮውን ሞተር ቁጥር በሠንጠረዥ ጎን ለጎን አስቀመጥኩ፤ ልዩነቱ እንዳይሳት በቀይ አሰመርኩበት። ኃላፊው «ይህ ነው የተማረ ሰው እጅ!» ብለው አደነቁና ወደ አዲስ አበባ አስተላለፉት።

በሳምንቱ ተቆጣጣሪ መጣ። ክራቫት ያሰረ፣ ድምፁን የማያነሳ ሰው ነው። ጂፑ እንዲነሳለት አልጠየቀም። በአንድ እጁ የእኔን ሠንጠረዥ፣ በሌላው የመኪናውን መታወቂያ፣ ሊብሬውን ይዞ ቆመ።

«በሊብሬው መሠረት በዚህ መኪና ላይ ሊኖር የሚገባው ሞተር ቁጥሩ ይኸኛው ነው። በደብዳቤው መሠረት ደግሞ የለም። ስለዚህ ይህ መኪና ያ መኪና አይደለም።»

«ጌታዬ፣ ሃያ ዓመት የነዳሁት እኮ ነው» አለ አባቴ።

«እርስዎ የነዱት ሌላ ነው። እሱ የት እንደ ደረሰ ማስረዳት ይኖርብዎታል።»

አባቴ እጁን በጂፑ በር ላይ እንዳሳረፈ ጂፕ አጥፍተሃል ተባለ። አሁን ዘበኝነቱም ሊያመልጠው ነው፤ ንብረት ላጠፋ ሰው በር አይሰጥም። ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣኝ በወደድኩ።

«ሠንጠረዡ ግን በጣም ግልጽ ነው» አሉ ኃላፊው።

አባቴ ወደ ሊብሬው እያመለከተ «ጌታዬ፣ ሊብሬው ቃል በቃል ምን ይላል?» ሲል ጠየቀ።

ተቆጣጣሪው አነበበለት። «‹በመኪናው ላይ የሚገኝ ሞተር ቁጥር› ይላል።»

«የሚሠራ አይልም?»

«የሚገኝ ነው የሚለው።»

«እንግዲያው ከምሳ በኋላ ይመለሱልኝ።»

የሞተው ሞተር ኦቦ ግቢ ውስጥ ነበር። አምስት ሰው ሆነው አንስተው፣ የክትባት ሣጥን ከሚቀመጥበት ከጂፑ ኋላ ጫኑት፤ ኦቦ እየተሳደቡ በአራት ብሎን ወለሉ ላይ አሰሩት። ለእኔ ቁጥሩን በናፍጣ የመወልወል ሥራ ተሰጠኝ። እስኪያበራ ወለወልኩት።

ተቆጣጣሪው ተመልሶ ጎንበስ አለ፤ ቁጥሩን አንድ በአንድ ከሊብሬው ጋር አስተያየና «ተገኝቷል» ብሎ ፈረመ። ከዚያ ከፊት ያለውን፣ ጂፑን የሚያንቀሳቅሰውን ሞተር ተመለከተና ምን እንደሚለው ግራ ገባው። በመጨረሻ «ጭነት፦ አንድ የወፍጮ ሞተር» ብሎ ጻፈ።

በመንግሥት ወረቀት እንዲህ ተደርጎ ነው የኖረው፤ የሞተው «ሞተር» ነው፣ የሚሠራው «ጭነት» ነው። ክብደቱ ሲጨመርበት ጂፑ የበቅሎዋንም ፍጥነት አጣ፤ የክትባቱም ሣጥን በሞተሩ ላይ ተደራርቦ ይሄዳል። አባቴ ግን ሾፌር ነው። የበሩ ዘበኛ እስካሁን አልተገኘም።

ትምህርት ሲከፈት አውቶቡስ ድረስ ያደረሰኝ እሱ ነው፤ ሁለት እናቶች ጆንያ ይዘው ከኋላችን እየተከተሉ። ልወርድ ስል ክንዴን ያዘኝ።

«ስትደርስ ጻፍልን» አለኝ። «‹በደህና ደርሻለሁ› ይበቃል። ሁለት ቃል ነው።»

ስደርስ ጻፍኩ። ሁለት ቃል።